የሚላጥ ፍራፍሬ ለምን ይታጠባል? ከቢላዋ በፊት ያለው ሥራ በዝርዝር

ሐብሐብ ሲበላ ልጣጩ ይጣላል። ብርቱካን፣ ማንጎ፣ አቮካዶና አናናስም እንዲሁ። ስለዚህ «የምጥለውን ልጣጭ ለምን አጥባለሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ነው። መልሱ አጭር ነው፦ ልጣጩን ባይበሉትም ቢላዋው ያልፍበታል። ስለቱ ወደ ፍሬው መሃል የሚደርሰው ልጣጩን ሰንጥቆ ስለሆነ፣ ላዩ ላይ ያገኘውን አፈር፣ ጀርምና የፀረ-ተባይ ርዝራዥ ወደሚበላው ክፍል ይዞት ይገባል። በእጅ ሲላጥም ያው ነው፤ ልጣጩን የጨበጡት ጣቶች ተመልሰው የተላጠውን ፍሬ ይይዛሉ።

ይህ በሐሳብ ደረጃ ያለ ስጋት ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 አቮካዶ ላይ ምርመራ ሲያደርግ፣ ሊስቴሪያ የተባለውን አደገኛ ባክቴሪያ ከ361 የልጣጭ ናሙናዎች በ64ቱ ላይ አግኝቷል። ከ1,254 የውስጥ ሥጋ ናሙናዎች ግን የተገኘባቸው 3 ብቻ ነበሩ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲያዩዋቸው ነገሩ ግልጽ ይሆናል፤ ውስጡ በአብዛኛው ንጹሕ ነው፣ ችግሩ ያለው ውጭ ነው፣ ሁለቱን የምናገናኛቸው ደግሞ እኛው ነን።

ሁሉም ፍሬ እኩል አያሰጋም። ሎሚና ብርቱካን ጎምዛዛ ናቸው፤ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች በአሲድ ውስጥ እንደልባቸው አይራቡም። ሐብሐብ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶ፣ እንዲሁም ካንታሎፕ የሚባለው ልጣጩ መረብ የመሰለው የሐብሐብ ዘመድ ግን አሲዳቸው በጣም ዝቅተኛ ነው። ሥጋቸው ውሃ የሞላበትና ለባክቴሪያ የሚመች ስለሆነ፣ በቢላዋ የገባች ጥቂት ባክቴሪያ ሞቅ ያለ ቦታ ካገኘች በሰዓታት ውስጥ ትበዛለች። ስለዚህ ጊዜዎ አጭር ከሆነና አንዱን ብቻ በደንብ ላጥብ ካሉ፣ ብርቱካኑን ትተው ሐብሐቡን ይፈትጉ። ልማዳችን ብዙ ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ትንሿን ፖም አሽተን እናጥባለን፣ መሬት ላይ ተኝቶ ያደገውን ትልቁን ሐብሐብ ግን እንዳለ መክተፊያው ላይ እናሳርፈዋለን።

መቼ ይታጠብ?

ልክ ሊቆርጡት ወይም ሊበሉት ሲሉ። ቤት እንደገባ ሁሉንም አጥቦ ማስቀመጥ ለንጽሕና የሚጠቅም ይመስላል፤ ግን ፍሬው ላይ የሚቀረው እርጥበት ለሻጋታና ለመበስበስ በር ይከፍታል። በተለይ እንጆሪና የመሳሰሉት ለስላሳ ፍሬዎች ታጥበው ካደሩ በማግስቱ ይልሞሰሞሳሉ። ወይን ላይ የሚታየው ነጣ ያለ ብናኝ ደግሞ ብዙዎች እንደሚጠረጥሩት መድኃኒት ሳይሆን ፍሬው ራሱ የሚያወጣው ሰም ነው፤ እርጥበቱ እንዳይተን ይከላከልለታል። ቀድሞ ሲታጠብ ይህ መከላከያው አብሮ ይሄዳል።

ጭቃ ያለበትን ፍሬ ፍሪጅ ውስጥ ከሌላው ጋር መደባለቅ ካልፈለጉ ግን አጥበው ማስቀመጥ ይችላሉ። ያን ጊዜ እስኪደርቅ ድረስ በንጹሕ ፎጣ ማድረቅ ግዴታ ነው፤ ለመብላት ሲያወጡትም እንደገና ያለቅልቁት። ሽፋኑ ላይ «ታጥቧል፣ ለመብላት ዝግጁ ነው» ተብሎ ታሽጎ የመጣን ፍሬ ግን ደግሞ ማጠብ አያስፈልግም። የራስዎ ገንዳ ወይም እጅ ያልነበረበትን ጀርም ሊጨምርበት ይችላል።

ቅደም ተከተሉ

1. መጀመሪያ እጅ። በሳሙናና በውሃ ለ20 ሰከንድ ያህል፣ በጣቶች መካከልና በጥፍር ሥር ሳይቀር ይታጠቡ። ፍሬውን አጥቦ በቆሸሸ እጅ መላጥ ልፋቱን መና ያስቀረዋል። ስልክ ካነሱ ወይም ቆሻሻ መጣያውን ከነኩ እንደገና ይታጠቡ።

2. ቀጥሎ መክተፊያው፣ ቢላዋውና ገንዳው። እነዚህ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ይታጠባሉ። ጥሬ ሥጋ ወይም ዶሮ የተከተፈበት መክተፊያ ላይ ፍራፍሬ መቁረጥ አይገባም፤ ቢቻል ለፍራፍሬና ለአትክልት ለብቻው የሚሆን መክተፊያ ይኑርዎት። የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ራሱ በቤቱ ውስጥ ከቆሻሻዎቹ ቦታዎች አንዱ ነው፤ ስለዚህ ፍሬውን ገንዳው ውስጥ ዘፍዝፈው አይተዉት። የፍራፍሬ ማጥለያ ወይም ወንፊት ካለ እሱ ላይ አድርገው ውሃ ያውርዱበት።

3. ፍሬውን አገላብጠው ይመልከቱ። ተለጣፊ ምልክት ካለበት አሁን ይላጥ፤ ከሥሩ ያለው ሙጫ ቆሻሻ ይይዛል። የተሰነጠቀ ወይም የተቀጠቀጠ ቦታ ካለ ያስታውሱት፤ ካጠቡ በኋላ ዙሪያውን ሰፋ አድርገው ቆርጠው ይጥሉታል፣ ቢላዋውንም ያለቀልቁታል። ሥጋው ለስላሳ የሆነ ፍሬ ከሻገተ ግን ሙሉውን መጣል ይሻላል። ላዩ ላይ የሚታየው ሻጋታ ብዙ ጊዜ በዓይን የማይታይ ሥር ወደ ውስጥ ሰዷል።

4. በሚወርድ ውሃ ያጥቡት። የሚወርድ ውሃ ቆሻሻውን ይዞት ይሄዳል። ሳህን ውስጥ የተቋጠረ ውሃ ግን ከአንዱ ፍሬ የለቀቀውን ለሌላው ያዳርሳል። ውሃ መቆጠብ ካለብዎት በጆግ እያፈሰሱ ማጠብ ይበቃል፤ ዋናው ነገር ውሃው ፍሬው ላይ ፈስሶ መሄዱ ነው።

የውሃው ሙቀት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጥቂት ሰው ነው የሚያስበው። ሞቅ ያለ ፍሬ በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ በተቆረጠበት እምብርቱ ወይም በስንጥቁ በኩል ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ውሃው ጀርም ካለው ጀርሙም አብሮ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ የትኛውም እጥበት አያወጣውም። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ከማንጎ ጋር ተያይዞ የተነሳ፣ ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያ ወረርሽኝ ሲመረመር ጣት የተቀሰረው ወደዚህ ነበር። ማንጎዎቹ የፍራፍሬ ዝንብን ለመግደል 46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሞቀ ውሃ ይዘፈዘፉና ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይገቡ ነበር። ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ የሙቀት ልዩነት አይኖርም። ቢሆንም ፀሐይ ላይ የቆየ ቲማቲም ወይም ማንጎ በበረዶ ውሃ ውስጥ አይጨምሩ። ከፍሬው ጋር የተቀራረበ ወይም ትንሽ ለብ ያለ ውሃ ይምረጡ።

5. ይሹት ወይም ይፈትጉት። ማጠብ ማለት ማርጠብ አይደለም፤ ጀርሙን ከልጣጩ የሚያላቅቀው መታሸቱ ነው። ልጣጩ ለስላሳ የሆነውን፣ ለምሳሌ ፖም፣ ፕሪምና ማንጎ፣ በመዳፍዎ እያዞሩ ይሹት። ጠንካራ ወይም ሸካራ ልጣጭ ላላቸው ለሐብሐብ፣ ለካንታሎፕ፣ ለአቮካዶና ለአናናስ የአትክልት ብሩሽ ያስፈልጋል። ብሩሹ ለዚሁ ሥራ ብቻ ይዋል፤ ድስት የሚታጠብበት ስፖንጅ ፍሬ ላይ አይውጣ። ብሩሹም በየጊዜው በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፣ ይድረቅ። እርጥብ ሆኖ የሚያድር ብሩሽ ራሱ የጀርም ማራቢያ ነው።

ፖም በጅራቱ በኩልና በታችኛው ጉድጓድ፣ ኮክ በመሃል ስንጥቁ፣ እንኮይ መሰሎቹም በእምብርታቸው ቆሻሻ ይይዛሉ። አውራ ጣትዎ እዚያ መድረሱን ያረጋግጡ።

6. ያድርቁት። ይህን ደረጃ የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፤ ጥቅሙ ግን ከመታሸቱ አይተናነስም። ውሃው ያላቀቀውና ገና ልጣጩ ላይ የቀረው ጀርም በደረቅ ንጹሕ ፎጣ ወይም በወረቀት ፎጣ ሲጠረግ አብሮ ይነሳል። ሌላም ጥቅም አለው፦ እርጥብ ሐብሐብ ከእጅ ያሟልጫል፣ ቢላዋውም ይስታል። ዕቃ ሲደርቅበት የዋለው የወጥ ቤት ጨርቅ ለዚህ አይሆንም።

7. አሁን ይቁረጡ፤ ግን በሁለት ዙር። ከማውቃቸው ዘዴዎች ሁሉ ለጥንቃቄ የሚጠቅመውና ወጪ የሌለው ይህ ነው። በመጀመሪያው ዙር የፍሬውን ሁለት ጫፍ ይቁረጡ፣ ልጣጩን ይላጡ፣ ልጣጩንም ከመክተፊያው ላይ አንስተው ይጣሉ። ከዚያ ቢላዋውንና መክተፊያውን ያለቅልቁ፣ እጅዎንም እንዲሁ። በሁለተኛው ዙር የተላጠውን ሥጋ ይክተፉ። ልጣጭ የነካው ስለት ሥጋ ውስጥ ሳይገባ ቀረ ማለት ነው። ሐብሐብን ከነልጣጩ ሸንሽነው የሚያቀርቡ ከሆነ ይህ አይመችም፤ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር የሚንጠለጠለው አስቀድሞ በተፈተገው ልጣጭ ላይ ነው።

እያንዳንዱ ፍሬ እንዴት ይታጠባል?

ካንታሎፕ ከሁሉም ይከብዳል። መረብ የመሰለው ልጣጩ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ገደላ ገደል ነው፤ ባክቴሪያ እዚያ ገብቶ ይለጠፋል፣ ብሩሽም ሁሉንም አይደርስበትም። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ከዚሁ ፍሬ ጋር የተያያዘ የሊስቴሪያ ወረርሽኝ 147 ሰዎችን አሳምሞ 33ቱን ገድሏል። ስለዚህ መፈተጉ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። በሁለት ዙር መቁረጡ፣ ወዲያው መብላቱ ወይም ማቀዝቀዙ አብረው መሄድ አለባቸው። እርጉዝ ሴቶች፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችና የበሽታ መከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ሊስቴሪያ በጣም ይበረታባቸዋል፤ ለእነሱ የሚቀርብ ካንታሎፕ ቆርጠው ያሳደሩት ባይሆን ይመረጣል።

ሐብሐብ ልጣጩ ለስላሳ ስለሆነ ይቀላል። ፈተናው ክብደቱ ነው፤ ገንዳው ውስጥ ካልገባ በረጠበ ንጹሕ ብሩሽ ዙሪያውን ፈትገው፣ በጆግ ውሃ አለቅልቀው ያድርቁት። መሬት ላይ የተኛበትን፣ ቀለሙ ነጣ ወይም ቢጫ ያለውን ጎን አይርሱ፤ አፈሩ ያለው እዚያ ነው።

አናናስ ላይ መጀመሪያ ቅጠሉን በእጅ ጠምዝዘው ይንቀሉ፤ በቅጠሎቹ ሥር አቧራና ትናንሽ ነፍሳት ይደበቃሉ። ከዚያ በዓይኖቹ መካከል ብሩሹን ያስኪዱ።

አቮካዶ ሲከፈል ቢላዋው ዙሪያውን ስለሚዞር ልጣጩን ያላካተተ ቁራጭ የለም። በብሩሽ ፈትጎ ማድረቁ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ብርቱካንና ሎሚ ተላጠው ሲበሉ ወይም ሲጨመቁ በእጅ መታሸት ይበቃቸዋል። ልጣጩ ተፍቆ ኬክ ወይም ሻይ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ለገበያ የሚቀርቡ ብዙ ብርቱካኖችና ሎሚዎች እንዳይደርቁ ለምግብነት በተፈቀደ ሰም ይቀባሉ፤ ሰሙ በሥሩ የፀረ-ሻጋታ ርዝራዥ ይዞ ሊቆይ ይችላል። በሙቅ ውሃ እየፈተጉ ካጠቡት ሰሙ በከፊል ይለቃል። ሎሚ ተቆርጦ መጠጥ ላይ ሲጣልም ልጣጩ መጠጡ ውስጥ ይነከራልና እንደሚበላ ልጣጭ ይቁጠሩት።

ሙዝ ቀላሉ ነው። በእጅ የሚላጥ ስለሆነ ቢላዋ አይነካውም፤ ከላጡ በኋላ ሥጋውን በጣት ካልነኩት ባይታጠብም የከፋ ነገር የለውም። ለሕፃን በቢላዋ የሚከተፍ ከሆነ፣ ወይም ልጁ ከነልጣጩ የሚጫወትበት ከሆነ ይለቅለቅ።

ወይን ዘለላው እንዳለ ሲታጠብ ውስጥ ለውስጥ ያሉት ፍሬዎች ውሃ አይደርሳቸውም። በመቀስ ወደ ትናንሽ ዘለላዎች ከፋፍለው ማጥለያ ላይ ያጥቧቸው። እንጆሪ ከጅራቱ ጋር ይታጠባል፤ ጅራቱ ቀድሞ ከተነቀለ ውሃው በክፍተቱ ገብቶ ጣዕሙን ያቀጥነዋል፣ ቆሻሻም ይዞ ይገባል። በብሩሽ አይሞከርም፤ ማጥለያ ላይ ረጋ ባለ ውሃ ማለቅለቅና ወረቀት ፎጣ ላይ ዘርግቶ ማድረቅ ነው።

ሮማን ሲፈለፈል ጣት፣ ልጣጭና ፍሬ ይደባለቃሉ፤ ስለዚህ ሳይታጠብ አይከፈት።

ሳሙና፣ በረኪና፣ ኮምጣጤ፣ ቤኪንግ ሶዳ

ሳሙናና በረኪና ፍራፍሬ ላይ አይዋሉ። ለስላሳ የሚመስለው ልጣጭ ሁሉ በጣም ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ሳሙናው በእነዚህ ሰርጎ ይቀራል፣ በማለቅለቅም ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ለመብላት የተሠራ ነገር ስላልሆነም ሆድ ሊያውክ ይችላል። ሐብሐብን ስለምንልጠው ሳሙና ምን ያደርገዋል የሚሉ አሉ፤ ቢላዋ ባክቴሪያውን ይዞ እንደሚገባ ሁሉ የሳሙናውንም ርዝራዥ ይዞ ይገባል። ለፍራፍሬ ማጠቢያ ተብለው የሚሸጡ ልዩ ፈሳሾችም በደንብ ከታሸ ንጹሕ ውሃ ያን ያህል ስለማይሻሉ፣ ገንዘብ ቢወጣባቸው ለኔ ብክነት ነው።

ኮምጣጤ የባክቴሪያን ቁጥር በተወሰነ ደረጃ ይቀንሳል፤ ጀርም ጨርሶ ያጠፋል የሚለው ግን ማጋነን ነው። ለስላሳ ፍሬዎች ላይ ጣዕሙ ይቀራል። ከተጠቀሙ በውሃ አቅጥነው፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ። የጨው ውሃም በዚሁ ተራ የሚመደብ ነው።

ቤኪንግ ሶዳ የሚጠቅመው በተለየ ጉዳይ ነው፤ ባክቴሪያን ሳይሆን አንዳንድ የፀረ-ተባይ መድኃኒቶችን ለማስለቀቅ። እ.ኤ.አ. በ2017 የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፖም ላይ ሁለት መድኃኒቶችን ሞክረው፣ በሊትር 10 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ያለበት ውሃ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ሲዘፈዘፍ ፖሙ ከተቀባው መድኃኒት አንዱን 80 በመቶ፣ ሌላውን 96 በመቶ ያህል እንዳስለቀቀ አሳይተዋል። ያው ጥናት ግን ወደ ልጣጩ ውስጥ የሰረገው መድኃኒት በማጠብ እንደማይወጣ አሳይቷል። ፖምን ከነልጣጩ ለሚበላና ጊዜ ላለው ሰው መሞከሩ አይከፋም፤ ልጣጩ ለሚጣል ፍሬ ግን የ15 ደቂቃ ዝፍዝፍ ትርፍ ሥራ ነው። ከዘፈዘፉ ደግሞ በመጨረሻ በሚወርድ ውሃ ማለቅለቅ አይቀርም።

ውሃው ራሱ የሚያጠራጥር ከሆነ

እዚህ ላይ አጠቃላይ ምክሩ ይገለበጣል። የተበከለ ውሃ ፍሬውን ከማጽዳት ይልቅ ጀርም ይጨምርበታል፣ በተለይ ከነልጣጩ ለሚበላው። ያለዎት ውሃ ለመጠጥ የማይታመን ከሆነ ለማጠቢያም አይታመን። አፍልቶ ማቀዝቀዝ አስተማማኝ ነው፤ ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለ1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ቦታ ደግሞ ለ3 ደቂቃ ይፍላ። ከፍ ባለ ቦታ ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚፈላ ነው ጊዜው የሚረዝመው።

የፈላውን ውሃ ለመቆጠብ አፈሩን በመጀመሪያ በደረቅ ብሩሽ ወይም በወረቀት ያራግፉ፤ ከዚያ በትንሽ የፈላ ውሃ እያሹ ያጥቡ፣ ያድርቁ። ውሃ ጨርሶ ከሌለ ከሚታጠበው ይልቅ የሚላጠውን ይምረጡ፣ ከሚላጠውም በእጅ የሚላጠውን። ሙዝና መንደሪን እዚህ ላይ ከሁሉም ይሻላሉ። እንጆሪንና ወይንን ግን ለሌላ ቀን ያቆዩ።

ከተቆረጠ በኋላ

ልጣጩ የፍሬው ጋሻ ነበር፤ አሁን የለም። የተቆረጠ ፍራፍሬ ክፍሉ ውስጥ ከ2 ሰዓት በላይ፣ አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ሲሆን ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ አይቆይ። ከዚያ በፊት ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ አድርገው 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች በሚቀዘቅዝ ፍሪጅ ያስቀምጡት። ፍሪጅ ሳልሞኔላን ያስቆማል፤ ሊስቴሪያ ግን በቅዝቃዜ ውስጥም ቀስ እያለ ስለሚያድግ፣ የተቆረጠ ካንታሎፕ ወይም ሐብሐብ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። ከጥሬ ሥጋ በላይ ባለው መደርደሪያ ይቀመጥ፤ ከላይ የሚንጠባጠብ ደም ያጠቡትን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

ሳይታጠብ ተቆርጦ ከተገኘስ? የተከተፈውን ሥጋ ማጠብ አይረዳም፤ ውሃው ጣዕሙን ይወስዳል፣ ጀርሙ ግን እርጥቡ ሥጋ ላይ እንደተጣበቀ ይቀራል። ጤነኛ ሰው ከሆኑና አሁኑኑ የሚበላ ከሆነ ይብሉት፤ ሰዓታት ሞቃት ቦታ ቆይቶ ከሆነ ይጣሉት። ግማሹ ብቻ ተቆርጦ ከሆነ ደግሞ የተቆረጠውን ገጽ በንጹሕ ነገር ሸፍነው፣ የቀረውን ልጣጭ በረጠበ የወረቀት ፎጣ ጠርገው ያድርቁ፤ ቢላዋውን አጥበው ከፊት ገጹ ላይ አንድ ስስ ቁራጭ አንስተው ይጣሉና ከዚያ ይቀጥሉ።